ቴታ ደረጃውን የወረዱ ዕለት

አጥንት ሲሰበር ይሰማል። ራሴ ከመስማቴ በፊት ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ አድርገው ሲሰብሩት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱው ነው። የራስ አጥንት ሲሆን ግን ድምፁ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጥርስም ጭምር ይገባል።

ነገሩ የሆነው ከቤይሩት በላይ ባዕብዳ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው፤ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ስለ እግሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩላችሁ። በሰው አገር ደረጃ ላይ ወድቃ የተሰበረች ስንት እህት አለች! እኔን ያስነሳኝ ወድቄ ተጋድሜ ያየሁት ነገር ነው። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ቤይሩት ከገባሁ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበተኛ ነኝ፤ ምንጣፍ ብቻዬን ጠቅልዬ ሰገነት ላይ የማወጣ፣ ታምሜ አንድ ቀን ያልተኛሁ። ጉልበቴ ያኮራኝ ነበር። ማዳሜ ባዳሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ፋርማሲ አላት፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወጥታ ለምሳ ነው የምትመለሰው። የባሏ፣ የሚስተሩ፣ ሥራ ዱባይ ነው። ልጆቹ ፈረንሳይ ናቸው። ቤት የምንውለው እኔና የማዳሜ እናት ነበርን። አያትን ሊባኖሶች «ቴታ» ነው የሚሉት፤ እኔም እንደ ልጆቹ ቴታ እላቸዋለሁ።

ቴታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶላቸው ድኗል። ሐኪሙ «መሄድ ይችላሉ» ብሏል። እሳቸው ግን አልሄዱም። የሚያለማምዳቸው ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። «ኸላስ፣ በቃ» ይላሉ። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት የማነሳቸው እኔ ነበርኩ። በቀን ከአምስትና ከስድስት ቃል በላይ ከአፋቸው አይወጣም። «ውሃ»፣ «መጋረጃ»፣ «ዝጊው»። ሲፈልጉኝ ከራስጌያቸው ያለችውን ትንሽ ደወል ያቃጭላሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ አንቱ አልላቸውም ነበር። አረብኛው እንደሆነ አንቱታ የለውም፤ እዚህ ንግግሬን በአንቱ የምጽፈው ዛሬ ነው። በልቤ ግን፣ ከጓደኞቼም ጋር በስልክ ሳወራ፣ «አሮጊቷ» ነበር የምላት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ስለ እሷ አወራለሁ። «እግዜር የረሳት ናት እኮ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ቁም ሣጥን በይው፤ አነሳታለሁ፣ አስቀምጣታለሁ» እላለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ተክለው ያዩኛል። ሰው ዓይን ውስጥ ሰው እንዳለ ረስቼ ነበር።

ዕለቱ ክረምት ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ይወርዳል። መብራት የለም፤ የሰፈሩ ጀነሬተርም እስከ ቀትር አይነሳም። ማዳሜ ከሄደች ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆናት ነው። ደረጃውን እያጠብኩ ነበር። ነጭ እብነ በረድ ነው፤ አሥራ ሰባት ደረጃ። ከላይ ጀምሬ ሳሙናውን አፍስሼ፣ መሃል ላይ ደርሻለሁ። እግሬ ላይ ያደረግኩት ሶሉ አልቆ ብራና የመሰለ ነጠላ ጫማ ነው። ስንቴ «ልቀይረው» ብዬ ትቼዋለሁ።

ከላይ፣ ከቴታ ክፍል፣ ደወሉ አቃጨለ።

«ጃዬ፣ ቴታ! መጣሁ!» ብዬ ዞርኩ። ቀኝ እግሬ አረፋው ላይ ሄደ። አንድ ነገር ልይዝ ስል ባልዲውን ያዝኩ። ከዚያ እግሬ በመደገፊያው ብረቶች መሃል ገባ፤ እግሬ እዚያው ቀረ፣ ሌላው ሰውነቴ ግን ዞሮ መውረዱን ቀጠለ። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት፤ እግሬም ተላቅቆ ወደ ታች ተንከባለልኩ።

ስነቃ ይሁን ዓይኔን ስገልጥ አላውቅም፣ ከደረጃው ግርጌ በጀርባዬ ተዘርሬያለሁ። ውሃው ከሥሬ ይሄዳል። ቀና ብዬ እግሬን አየሁት። ጉልበቴ ወደ ጣራው ያያል፤ የእግሬ ጣቶች ደግሞ ወደ በሩ። ከጉልበቴ በታች ቅልጥሜ መሃል ላይ፣ ማጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ቆዳው አልተቀደደም። ደም የለም። ሕመሙ ገና አልመጣም ነበር፤ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሟል። ልነሳ ስሞክር ገባ።

እንዴት እንደጮኽኩ አልነግራችሁም። «እመቤቴ ማርያም!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? ከጎናችን ያለው ቤት ባለቤቶቹ በበጋ ብቻ ነው የሚመጡት። ስልኬ ወጥ ቤት፣ ፍሪጁ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር እኔ ሳላነሳው ያልተነሳ ሰው ነው።

«ሹ ሳር? ምን ሆንሽ?»

ድምፁ ከላይ መጣ። ቴታ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«እግሬ! ቴታ፣ እግሬ ተሰበረ!»

ከዚያ የማላውቀው ድምፅ ተናገረ። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ የአዛዥ ድምፅ።

«ቆዳው ተቀዷል? ደም ይፈሳል?»

«አይ… አይፈስም።»

«ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ።»

«አልችልም!»

«አልችልም አትበይኝ። ሞክሪና ንገሪኝ።»

ሞከርኩ። የሌላ ሰው ጣቶች የማንቀሳቅስ ያህል ነው። «አይንቀሳቀሱም» አልኩ እያለቀስኩ።

«ቀለማቸው ምን መሰለ?»

አየሁ። «አመድ መስለዋል፣ ቴታ።»

ቀጥሎ ከላይ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ከአልጋ ወደቁ! አልኩ። አሁን ሁለታችንም ሞትን። ከዚያ ግን የሚጎተት ነገር ሰማሁ፤ ጨርቅ በወለል ላይ፤ ይጎተታል፣ ያርፋል፣ ይጎተታል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ከደረጃው ጫፍ ላይ፣ ከወለሉ እኩል፣ ነጭ ፀጉር ብቅ አለ።

ቴታ በሌሊት ልብሳቸው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸውን አዙረው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረጉ። በሁለት እጃቸው ተደግፈው በመቀመጫቸው አንድ ደረጃ ወረዱ።

«ቴታ ይመለሱ! እርጥብ ነው! ይወድቃሉ!»

«ዝም በይ። ትንፋሽሽን ለራስሽ ያዢው።»

«ዋሐድ» አሉ፤ አንድ ማለታቸው ነው። «ትኔን።» እየቆጠሩ ይወርዳሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ከታች ሆኜ ይታየኛል፤ ያ እጅ ማንኪያ እንኳ ሾርባ ሳይደፋ አይዝም ነበር። ስድስተኛው ላይ አረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። ስምንተኛው ላይ፣ እኔ የወደቅኩበት ቦታ፣ ሳሙናው ይዟቸው ሄደ። ሁለት ደረጃ ተንሸራተቱ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ብረቱን ተጠምጥመው ይዘዋል። አዩኝና፣ «ሳሙና አብዝተሻል» አሉ።

አሥራ ሰባቱንም ወረዱ።

አጠገቤ ሲደርሱ ፊቴን አላዩም። ቀጥታ ወደ እግሬ ሄዱ። ነጠላ ጫማዬን በዝግታ አወለቁ። ሁለት ጣታቸውን ከእግሬ መዳፍ ጀርባ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሆነ ነገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ጣታቸውን ትንሽ ወደ ግራ አንቀሳቀሱ። እንደገና ጠበቁ።

«ያ አድራ» አሉ በለሆሳስ። እመቤቴ ማለት ነው። ሁለታችንም የጠራነው አንዲቷን ነበር።

ከዚያ ወደ ፊቴ ዞሩ። «ስሚኝ። ደሙ እግርሽ ጋ እየደረሰ አይደለም። አጥንቱ ተጣሞ መንገዱን ዘግቶበታል። ላቃናው ነው። በጣም ያምሻል። መጮኽ ትችያለሽ፤ መንቀሳቀስ ግን አትችዪም።»

ፍርሃቴን አትጠይቁኝ። አገር ቤት ቅልጥሙ ተሰብሮ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮለት እግሩን ያጣ ጎረቤት አውቃለሁ። «አይንኩኝ! ምን ያውቃሉ እርስዎ? ማዳም ትምጣ!» አልኩ።

«ማዳምሽ ከቀትር በፊት አትመጣም። እግርሽ እስከዚያ አይጠብቅም» አሉ። «የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የቀዶ ሕክምና ነርስ ነበርኩ። ምድር ቤት ውስጥ፣ በሻማ፣ አምስት ዓመት። ካንቺ የባሰ እግር በእጄ ይዣለሁ።» ቀጥለውም፣ «ያላ፣ አሁን ወደ ጣራው እዪ» አሉኝ።

አንድ እጃቸው ተረከዜን፣ ሌላው የእግሬን ጀርባ ያዘ። የገረመኝን ልንገራችሁ፤ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ያ ደረጃው ላይ ሲርበደበድ የነበረ እጅ እንደ ጉጠት ጸንቷል። ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ፣ ሳያፈናጥሩ ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ እየሳቡ ጣቶቼን ከበሩ ወደ ጣራው መለሷቸው። ጮኽኩ። ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ የሞተ አባቴን ጠራሁ።

«ኸላስ፣ ኸላስ። አለቀ።»

በአንድ እጃቸው እግሬን እንደያዙ ሁለቱን ጣቶች ያችው ቦታ መለሱ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ጠበቁ። ጠበቅኩ።

ከዚያ ፊታቸው በራ። በሌላኛው ጤነኛ እግሬ ላይ በክርናቸው ጫፍ መታ ያደርጉ ጀመር። ጥክ… ጥክ… ጥክ… መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ከተሰበረው እግሬ የሚሰሙትን የደሜን ምት ነበር የሚነግሩኝ። ሊቋረጥ የነበረ የራሴን ሕይወት ሌላ ሰው አዳምጦ ሲመልስልኝ! ሕመሙ አልቀነሰም፤ ግን ለአፍታ ረሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልሆነ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከሶፋው ትራስ ጎተቱ። ከበሩ አጠገብ ከተሰቀሉት ሁለት ረጃጅም ጃንጥላ አመጡ፤ በመቀመጫቸው እየተሳቡ። ትራሱን ከእግሬ ሥር፣ ጃንጥላዎቹን በግራና በቀኝ አደረጉ። ሽርጤን በጥርሳቸው ቀደዱት። ከጉልበቴ በላይ አሰሩ፣ ከጉልበቴ በታች አሰሩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰሩ፤ የተሰበረውን ቦታ አልነኩትም። እያንዳንዱ ቋጠሮ ሥር ጣታቸውን አስገብተው ልክ መሆኑን ያያሉ። «ጣቶችሽን» ይሉኛል። በሦስተኛው ጊዜ አውራ ጣቴ ንቅንቅ አለ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

አፌ ደረቀ። «ቴታ፣ ውሃ» አልኩ።

«ላ።»

«እባክዎ፣ ጉንጭ ብቻ።»

«አይሆንም አልኩሽ! ጠብታ አላቀምስሽም።»

ተናደድኩ። በቀን ስንቴ ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ አይደለሁም? ክፋታቸው ተመለሰ አልኩ በልቤ። ፊቴን አዞርኩባቸው።

«ስልክሽ የት ነው?»

«ፍሪጁ ላይ» አልኩ፤ እንዳልኩም ተስፋ ቆረጥኩ። ፍሪጁ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ቁጭ ያለ ሰው አይደርስበትም።

ቴታ ወደ ወጥ ቤት ተሳቡና ከዓይኔ ጠፉ። ከዚያ በኋላ በጆሮዬ ብቻ ነው የተከታተልኩት። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቆመ። የሚያቃስት ድምፅ። ወንበሩ ወደቀ። «ቴታ?» አልኩ። «ቴታ!»

የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ። ባዶ እግር በእብነ በረድ ላይ፤ አንድ፤ ቆም፤ ደግሞ አንድ።

በወጥ ቤቱ በር ወጡ። ቆመው። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጃቸው ስልኬን ይዟል። ምን እንደታየኝ ታውቃላችሁ? ረጅም ሴት ናቸው። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያጠብኳቸው፣ ያለበስኳቸው፣ በክንዴ ያነሳኋቸው ሴት ቁመታቸውን አላውቀውም ነበር። ከእኔ በራስ ይበልጣሉ። ፀጉራቸው ተበትኗል፣ የሌሊት ልብሳቸው በሳሙና ርሷል፤ ከወለሉ ላይ ሆኜ ሳያቸው ግን ግርማቸው አስፈራኝ። በልቤ አንቱ ማለት የጀመርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው።

ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋቸው፤ አምቡላንስ ደወሉ። «የቀኝ ቅልጥም፣ ሁለቱም አጥንቶች፣ ዝግ ስብራት፣ ቆዳው አልተቀደደም» እያሉ ያዛሉ፤ ከዚያ ለማዳሜ ደወሉና «ነይ» ብለው ዘጉ። ግድግዳውን ይዘው ሄደው በሩን ከፈቱ።

ማዳሜ ከአምቡላንሱ ቀደመች። እየሮጠች ገባችና እናቷን በር ላይ ቆመው ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። «ማማ…» አለች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሏት ቴታ። «እኔን ትተሽ ብርድ ልብስ አምጪላት። ወንበርም ለእኔ፤ መውደቄ ነው።»

ሆስፒታል ውስጥ የአጥንት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ቀን እንደተወለድኩ አልነበረም። «መጨረሻ የበላሽው፣ የጠጣሽው መቼ ነው?» አለኝ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሻይ» አልኩ። «ከወደቅሽ በኋላስ? ውሃ?» «ከለከሉኝ።» «ጎበዝ ናቸው» አለ። «ሆድሽ ባዶ ስለሆነ ዛሬውኑ ማደንዘዣ ልንሰጥሽ እንችላለን።» ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ክፋት ብዬ የተቀየምኩት ያን ነበር።

ጃንጥላዎቹን ሲያይ ሊስቅ ነበር። ቋጠሮዎቹን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ፤ ወጣት ሐኪሞችን ጠርቶ አሳያቸው። «ማን ነው ያሰረው?» ነገርኩት። «ዕድሜያቸው?» ነገርኩት። «ደም ሳይደርሰው እስከ አሁን ቢቆይ ኖሮ» አለና እግሬን አይቶ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። የራጅ ፎቶውን አሳየኝ። ትልቁ ቅልጥሜ እንደ ተጠማዘዘ ጨርቅ ዞሮ ተሰንጥቋል፤ ቀጭኑም ከጎኑ ተሰብሯል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጥንቴ ውስጥ ረጅም ብረት ገባ። አሁንም አብሮኝ አለ፤ ሲበርድ ይነግረኛል።

ወደ አገሬ ትመልሰኛለች ብዬ ነበር፤ ሥራ የማትሠራ ሠራተኛ ምን ትሠራላታለች? ማዳሜ ግን አልመለሰችኝም። ቴታ ናቸው አሉ «አልጋዋን እኔ ክፍል አድርጉት» ያሉት። በቀን የምትመጣ አንዲት እህት ተቀጠረች። እኔ በክራንች፣ እሳቸው በዋልከር፣ በባለ አራት እግሩ መደገፊያ፣ ኮሪደሩን ጠዋትና ማታ እንለካዋለን። «ተረከዝሽን አሳርፊ፤ አትሸሺው» ይሉኛል። ከወር በላይ ሲሆነኝ ሐኪሙ አዲስ ፎቶ አሳየኝ፤ በስብራቱ ዙሪያ ደመና የመሰለ ነገር ተጠምጥሟል። «አዲስ አጥንት ነው፤ ማንም አላዘዘውም፣ ራሱ ነው የሚሠራው» አለ። ለቴታ ስነግራቸው፣ «አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ምድር ቤት ያላበድኩት ይኼንን ስለማውቅ ነው» አሉ።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ቴታ፣ መሄድ እየቻሉ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ተኙ?»

«መጀመሪያ መውደቅ ፈራሁ» አሉ። «በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ ግን የምሄድበት አጣሁ። ማን ጠራኝ? እኔ ነበርኩ ደወሉን የምደውለው።»

ቴታ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ፤ በእግራቸው እየሄዱ። በእንቅልፋቸው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ አንደኛ፣ ያለቀ ጫማ አድርጋችሁ ሳሙና ላይ አትቁሙ። ሁለተኛ፣ የወደቀ ሰው ስታዩ እጁን ይዛችሁ አታስነሱት፤ የተጣመመ እግርም እኔን አይታችሁ እንዳትጎትቱ፤ ያ የሚያውቅ እጅ ነበር። ለእርዳታ ሰው ጥሩ፣ ጣቶቹን እዩ፣ አታንቀሳቅሱት። የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፤ እኔንም ገና እያስቸገረኝ ነው። በየቀኑ የምናጥበውን፣ የምናጎርሰውን፣ «አሮጊቷ» «ሽማግሌው» የምንለውን ሰው አናውቀውም። እኛን «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ ብለው ስማችንን ሳይጠይቁን ሲቀሩ ያንገበግበናል አይደል? እኔ የእሳቸውን ቁመት እንኳ አልጠየቅኩም።

አሁን የምሠራው ቤይሩት፣ መዝረዓ ሰፈር ነው፤ ልጆቻቸው ቀን ቀን ሥራ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ጋ። ሲቀጥሩኝ «አይናገሩም፤ አትጨነቂ፣ ምግባቸውን ብቻ ስጪ» አሉኝ። በእርግጥም ሦስት ቀን ቃል አልተነፈሱም። በአራተኛው ቀን ጺማቸውን ላጭቼ ስጨርስ፣ «ጅዶ፣ በጉብዝናዎ ጊዜ ምን ነበር ሥራዎ?» አልኳቸው፤ ጅዶ ወንድ አያት ማለት ነው።

ፎጣውን አጠፍኩ። ልሄድ ስል ከኋላዬ፣ «ባቡር» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ባቡር ነበር የምነዳው። ተራራውን አቋርጦ የሚሄደውን።»

«እዚህ አገር ባቡር ነበር እንዴ?»

ከትራሱ ቀና አሉ። ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ።

«ወንበር ሳቢ» አሉኝ። «ቁልቁለቱን በክረምት እንዴት እንደምንወርድ ልንገርሽ።»